ሆላንድ ውስጥ ብስክሌት ለመያዝ፦ ከግዢ እስከ ጎማ መለጠፍ

ሆላንድ ወደ 18 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ አላት፤ ብስክሌቱ ግን ከ23 ሚሊዮን ይበልጣል። እዚያ ብስክሌት የስፖርተኛም የድሃም ዕቃ አይደለም። ሐኪሙም፣ ተማሪውም፣ የሰባ ዓመት አያትም ይነዱታል። ማርክ ሩተ ጠቅላይ ሚኒስትር ሳሉ ቢሯቸው የሚሄዱት በብስክሌት ነበር። ለመንዳት ተብሎ የሚለበስ ልብስ የለም፤ በተራ ብስክሌት ላይ ሄልሜት ማድረግም በሕግ ግዴታ አይደለም።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ከኢትዮጵያ በቅርቡ ለመጣ ሰው ግን ሦስት ነገር ይከብዳል፦ ሳያውቁ የተሰረቀ መግዛት፣ የራስን ማሰረቅ፣ መንገድ ላይ ደግሞ ከየአቅጣጫው ደወል የሚደወልበት ሰው መሆን። የሆላንድ መንገድ ጎበዝ ነጂ አይፈልግም፤ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ የሚታወቅ ነጂ ነው የሚፈልገው። ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ነገር ወደዚያው ይመለሳል።

ግዢ

ለከተማ የሚሆነው ቀጥ ብለው የሚቀመጡበት፣ ከባድ፣ ብዙ ማርሽ የሌለው ብስክሌት ነው። አገሬው ኦማፊትስ ይለዋል፤ «የሴት አያት ብስክሌት» ማለት ነው፣ ወንዶችም ይነዱታል። ካቴናው በሽፋን ውስጥ መሆኑን፣ ጭቃ መከላከያና የኋላ ዕቃ መጫኛ መኖሩን፣ በኋላ ጎማው ግራና ቀኝ የልብስ መከለያ መኖሩን ይዩ። መከለያው ጌጥ አይደለም። እሁድ ነጠላ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ጫፉ ጎማው ውስጥ ከገባ ነጠላውም ነጂውም አብረው ይወርዳሉ። መከለያ ቢኖርም ነጠላን ወገብ ላይ አጥብቆ ማሰር ነው።

ከብስክሌት ሱቅ የሚገዛ ደህና ያገለገለ ብስክሌት ከ100 እስከ 200 ዩሮ ያወጣል፤ ብዙ ሱቆች የተወሰነ ወር ዋስትና ይሰጣሉ። ክሪንግሎፕ በሚባሉት የአሮጌ ዕቃ መደብሮችና ማርክትፕላትስ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ከዚህም ይረክሳል። መንገድ ላይ አንድ ሰው በ20 ዩሮ «ውሰደው» ካለዎት የተሰረቀ ነው፤ ሌላ ማብራሪያ የለውም። መሰረቁን ማወቅ ወይም መጠርጠር ሲገባው የገዛ ሰውም በሕግ ይጠየቃል። ወንጀሉ ሄሊንግ ይባላል፣ «አላወቅሁም» ማለት ብቻውን አያድንም።

ከግለሰብ ሲገዙ ገንዘብ ከመስጠትዎ በፊት የፍሬሙን ቁጥር ይፈልጉ። ብዙ ጊዜ ከኮርቻው ሥር ባለው ቱቦ፣ ከመሪው በታች ወይም ፔዳሎቹ በሚገናኙበት ቦታ ከሥር ተቀርጾ ይገኛል። ቁጥሩን ኤርዴዌ የተባለው የተሽከርካሪ መሥሪያ ቤት ባዘጋጀው የተሰረቁ ብስክሌቶች መዝገብ ላይ በስልክዎ አስገብተው ያረጋግጡ፤ ነጻ ነው፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ቁጥሩ ተፍቆ ከሆነ፣ ወይም ጎማው ላይ ለተገጠመው ቁልፍ ሻጩ መክፈቻ ከሌለው፣ ዞር ብለው ይሂዱ።

ከዚያ ብስክሌቱን ራሱን ይፈትሹ። የፊቱን ጎማ ከመሬት አንስተው ያሽከርክሩት፤ ግራ ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ ቸርኬው ታጥፏል። ጎማውን በእጅ ይዘው ወደ ጎን ይወዝውዙት፤ ቋ ቋ ካለ ኩሽኔታው ልል ነው። የጎማውን ጎን ይዩ፤ የተሰነጣጠቀ ከሆነ በቅርቡ መቀየሩ አይቀርም፣ ከዋጋው ላይ ያስቀንሱበት። ካቴናው በጣት ሲነሳ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሳንቲ ሜትር መላላት አለበት። ከዚያ በላይ ከላላ ይወልቃል። ፍሬኑ ፔዳል ወደ ኋላ በመርገጥ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ካቴናው ሲወልቅ ፍሬኑም አብሮ ይሄዳል። በእጅ የሚጨበጥ የፊት ፍሬንም ያለውን ቢመርጡ የሚሻለው ለዚህ ነው።

የኋልዮሽ ፍሬኑን ለመልመድ ሁለት ቀን ይበቃል፤ እስኪለምዱት ግን ያናድዳል። ፔዳሉን ወደ ኋላ ማሽከርከር ስለማይቻል፣ ቆመው ለመነሳት ሲፈልጉ ፔዳሉ ከታች ሆኖ ይጠብቅዎታል። መድኃኒቱ ሲቆሙ ቀኝ ፔዳልዎ ወደ ፊትና ከፍ እንዳለ ጠብቆ ፍሬን መያዝ ነው። ማርሹ ጎማው እምብርት ውስጥ ከሆነ (ብዙዎቹ ባለ ሦስት ናቸው) ሲቀይሩ ለአፍታ መርገጥዎን ያቁሙ። እየረገጡ መቀየር ጥርሱን ይበላዋል።

ኮርቻውን ለማስተካከል፦ ተቀምጠው ተረከዝዎን በታችኛው ፔዳል ላይ ያድርጉ፤ እግርዎ ቀጥ ካለ ልኩ ነው። ዝቅ አድርጎ መንዳት የሚያስተማምን ይመስላል፣ ጉልበትን ግን ያሳምማል።

በአዋቂነት ለሚጀምሩ

ልጅ ሆነው ብስክሌት ያልነኩ፣ በተለይ ሴቶች፣ ብዙ ናቸው። በብዙ ከተሞች ለአዲስ መጤዎች በበጎ ፈቃደኞች የሚሰጥ ትምህርት አለ፤ ፊትስሌስ ይባላል፣ ማዘጋጃ ቤቱን ወይም የሰፈሩን ማእከል ይጠይቁ። በራስዎ ከጀመሩ ሰው ከኋላ ኮርቻውን ይዞ እንዲሮጥ አያድርጉ። ሚዛኑን የሚጠብቀው ያ ሰው ስለሚሆን እርስዎ አይማሩም። ይልቅ ኮርቻውን ሁለቱም እግርዎ ሙሉ በሙሉ መሬት እስኪረግጥ ዝቅ ያድርጉና ሁለቱንም ፔዳሎች በ15 ቁጥር መፍቻ ያውልቁ። ቀኙ እንደ ማንኛውም ብሎን ወደ ግራ ሲዞር ይፈታል፤ የግራው ግን በተቃራኒው ወደ ቀኝ ነው የሚፈታው፣ ይህን ሳያውቁ ስንቱ ጥርሱን በልቶታል። ከዚያ ባዶ ሜዳ ላይ ተቀምጠው በእግርዎ መሬቱን እየገፉ ይንሸራተቱ። ዓይን ወደ ፊት እንጂ ወደ ጎማው አይደለም። ሁለቱን እግር አንስተው ዐሥር ሜትር ያህል ቀጥ ብለው መንሸራተት ሲችሉ ፔዳሉን ይመልሱ። ቀሪው ቀላል ነው።

ቁልፍ

ሁለት ቁልፍ ያስፈልጋል። አንዱ ከኋላ ጎማው ላይ የተገጠመው ቀለበት ነው፤ ጎማውን እንጂ ብስክሌቱን አያስርም፣ ሌባ አንስቶ መኪና ላይ ሊጭነው ይችላል። ሁለተኛው ወፍራም ሰንሰለት ነው፤ አርት የተባለው ማረጋገጫ ሁለት ኮከብ ያለበትን ይግዙ። ቀጭኑ የሽቦ ገመድ በእጅ በሚያዝ መቁረጫ በሰከንዶች ይበጠሳል።

ሰንሰለቱን በፊት ጎማውና በፍሬሙ ውስጥ አሳልፈው ከማይነቃነቅ ነገር ጋር ይሰሩ። በፊት ጎማው ብቻ ካሰሩት ሲመለሱ የሚያገኙት ጎማውን ብቻ ነው። ሰንሰለቱ መሬት ላይ አይንጠልጠል፤ ድንጋይ ላይ ተደግፎ በመዶሻ ይሰበራል። በየሁለት ሦስት ወሩ ለቁልፍ የሚሆን ቀጭን ዘይት ጠብ ያድርጉበት፣ አለዚያ በጥር ውርጭ መክፈቻው ውስጡ ይቀራል።

የሚያቆሙበት ቦታም ጥያቄ አለው። ከበር ፊት፣ ከደረጃ ሥር እና ለማየት ለተሳናቸው በተነጠፈው ባለ መስመር ነጭ ንጣፍ ላይ አያቁሙ። ክልክል ቦታ የቆመ ወይም ተረስቶ የቀረ ብስክሌት በማዘጋጃ ቤት ሰዎች ተቆርጦ ይወሰዳል። የተሰረቀብዎ ከመሰለዎ መጀመሪያ የከተማውን የብስክሌት ማከማቻ ይጠይቁ። እዚያ ከተገኘ ከፍለው ያወጡታል፤ የተቆረጠውን ሰንሰለት የሚተካ ግን የለም። በእርግጥ ከተሰረቀ ለፖሊስ ሲያመለክቱ የሚጠየቁት የፍሬሙ ቁጥር ነው፤ በገዙ ቀን ፎቶ አንስተው ያስቀምጡት።

መብራትና ቅጣት

ሲጨልም ከፊት ነጭ ወይም ቢጫ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ግዴታ ነው። ብልጭ ድርግም የሚል አይፈቀድም። መብራቱ ብስክሌቱ ላይ፣ ወይም ደረትና ጀርባ ላይ፣ ወይም ቦርሳ ላይ ሊሰካ ይችላል፤ ራስ፣ ክንድ ወይም እግር ላይ ግን አይሆንም። ከዚህ ሌላ ከኋላ ቀይ፣ ፔዳሎቹ ላይ ቢጫ፣ ጎማዎቹ ላይ ነጭ ወይም ቢጫ አንጸባራቂ፣ እንዲሁም የሚሰማ ደወል ያስፈልጋል። በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ፣ ሰዓቱ ወደ ኋላ በሚመለስበት በጥቅምት መጨረሻ ሳምንት ፖሊስ መገናኛ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ከርካሽ ዕቃ መደብር በጥቂት ዩሮ የሚገዛው ተለጣፊ መብራት ይበቃል፤ ሲያቆሙ ነቅለው ኪስዎ ይክተቱት፣ ይወሰዳል።

ስልክ በእጅ ይዞ መንዳት ከሐምሌ 2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ክልክል ነው፤ ቅጣቱ አሁን ከ150 ዩሮ በላይ ነው። መሪው ላይ በማቀፊያ የተሰካ ስልክ ይፈቀዳል። ለመኪና ነጂ የተቀመጠው በደም ውስጥ የ0.5 በሺህ የአልኮል ገደብ ለብስክሌትም ይሠራል።

መንገድ ላይ

ክብ ሰማያዊ ሰሌዳ ላይ ነጭ ብስክሌት ካዩ በዚያ መንገድ መሄድ ግዴታዎ ነው፤ አስፋልቱ ብዙውን ጊዜ ቀይ ነው። ብስክሌቱ ላይ የሞተር ሥዕል ከተጨመረ ትንንሽ ሞተሮችም (ሞፔዶች) ይሄዱበታል። የእግረኛ መንገድ ላይ ተቀምጦ መንዳት ክልክል ነው፤ ወርዶ መግፋት ይቻላል። «መግባት ክልክል» ከሚለው ሥር ብስክሌት የተሳለበት ትንሽ ሰሌዳ ካለ ክልከላው ለመኪና እንጂ ለእርስዎ አይደለም።

ቀኙን ይዘው ይንዱ፤ የሚቀድም በግራዎ ያልፋል። ከኋላ የሚደወለው ደወል ስድብ አይደለም፣ «ላልፍ ነው» ማለት ነው። ዞር ብለው አይዩ፣ አይደንግጡ፣ ወደ ቀኝ ጠጋ ብለው መስመርዎን ይጠብቁ። ሁለት ሆኖ ጎን ለጎን መሄድ ሕጋዊ ነው፣ ሦስት ግን አይቻልም። በድንገት መቆም ትልቁ ጥፋት ነው። ስልክ ቢጠራ ወይም መንገድ ቢጠፋብዎ መጀመሪያ ከመስመሩ ይውጡ፣ ከዚያ ይቁሙ። ከመታጠፍዎ በፊት በትከሻዎ ላይ ወደ ኋላ ይዩ፣ ክንድዎን ሙሉ ዘርግተው ያሳዩ፣ ከዚያ ይታጠፉ።

ቅድሚያ የማን እንደሆነ ለማወቅ መሬቱን ያንብቡ። አስፋልቱ ላይ የተሳሉ ነጭ ሦስት ማእዘኖች አሉ፤ «የሻርክ ጥርስ» ይሏቸዋል። ሹል ጫፋቸው ወደ እርስዎ ካመለከተ የሚያሳልፉት እርስዎ ነዎት፤ ጀርባቸውን ከሰጡዎት ሌላው ያሳልፍዎታል። ምንም ምልክት በሌለበት መገናኛ ከቀኝ የሚመጣ ተሽከርካሪ ያልፋል፤ ከ2001 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይህ ከቀኝ ለሚመጣ ብስክሌትም ይሠራል። ትራም ግን እንዲህ ባለ መገናኛ ከየትም ይምጣ ይቀድማል። አደባባይ ላይ በከተማ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ብስክሌት ይቀድማል፣ ከከተማ ውጭ ብዙውን ጊዜ አይቀድምም፤ ጥርሶቹን ይዩ።

ቀጥ ብሎ የሚሄድ ብስክሌት ከጎኑ ሆኖ ወደ ቀኝ ከሚታጠፍ መኪና ይቀድማል። ከባድ መኪና ላይ ግን ይህን መብት አይሞክሩት። የከባድ መኪና ሾፌር ከቀኝ ጎኑ ያለውን ሰው የማያይበት ሰፊ ቦታ አለ፤ በመታጠፍ ላይ ያለ መኪና ደግሞ የኋላ ጎማው ከፊቱ የበለጠ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ጠርዙ ላይ የቆመውንም ይጠርገዋል። መብራት ላይ የጭነት መኪና ቀድሞዎት ከቆመ ከኋላው ይቁሙ። በቀኙ ሾልኮ መግባት በየዓመቱ ሰው ይገድላል።

በትልቅ መገናኛ ወደ ግራ የሚታጠፉት በሁለት ደረጃ ነው፦ ቀጥ ብለው ይሻገሩ፣ ማዶ ጥግ ላይ ይቁሙ፣ ከዚያ በሌላኛው የብስክሌት መብራት ወደ ግራ ይሻገሩ። ምሰሶው ላይ ቁልፍ ካለ ይጫኑት፤ ካልተጫነ አንዳንዱ መብራት ጭራሽ አረንጓዴ አይሆንም። አምስተርዳም፣ ሮተርዳምና ሄግ ውስጥ የትራም ሐዲድ ሲሻገሩ በተቻለ መጠን በቀጥታ መስቀለኛ ያቋርጡት። በሰያፍ ከሄዱ ጎማው ስንጥቁ ውስጥ ይገባል፤ ዝናብ ሲሆን ደግሞ ብረቱ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል።

ልጅ ሲጭኑ

ከስምንት ዓመት በታች የሆነ ልጅ የጀርባ፣ የእጅና የእግር መደገፊያ ባለው ወንበር ላይ መቀመጥ አለበት። መሪው ላይ የሚሰካው የፊት ወንበር እስከ 15 ኪሎ፣ የኋላው እስከ 22 ኪሎ ይችላል። ልጁን በጀርባ አዝሎ መንዳት ይቅር፦ ሚዛን ያስታል፣ ሲወድቁም ልጁ ከሥር ይሆናል። ልጁን ከማስቀመጥዎ በፊት ብስክሌቱ ባለ ሁለት እግር መቆሚያ ላይ መሆኑን ያረጋግጡ፤ በአንድ እግር መቆሚያ ላይ የተቀመጠ ልጅ ሲንጠራራ ብስክሌቱ ይጋደማል። ልጁ የራሱን ሲነዳ እርስዎ በግራው፣ በመኪናው በኩል ይሁኑ፤ ነፋስ ሲበረታ አንድ እጅ ጀርባው ላይ ያድርጉ። በአንደኛ ደረጃ የመጨረሻ ክፍሎች ትምህርት ቤቶች የትራፊክ ፈተና ይሰጣሉ፤ ልጁ የቤቱን ሰው ሁሉ ማረም የሚጀምረው ያኔ ነው።

ጎማ መለጠፍ

ሱቅ ከ15 እስከ 20 ዩሮ ያስከፍላል፤ የመለጠፊያ ዕቃው ከአምስት ዩሮ አይበልጥም። አገር ቤት ጎሚስታ አጠገብ ቆሞ ያየ ሰው ግማሹን ያውቀዋል። ልዩነቱ ጎማው ሳይወልቅ መለጠፉ ነው። የኋላ ጎማው በካቴና ሽፋን፣ በፍሬን ክንድና በማርሽ ገመድ ስለተያያዘ ማውለቁ ብቻ ሰዓት ይፈጃል።

መጀመሪያ ቫልቩን ይፈትሹ። የሆላንድ ቫልቭ ከላይ በቀለበት ዳዶ የተያዘ ትንሽ ፍሬ አለው። ነፍተው ምራቅ ወይም ውኃ ጠብ ያድርጉበት፤ አረፋ ከወጣ ዳዶውን ያጥብቁ ወይም ፍሬውን ይቀይሩ፣ ሥራው እዚያው ያልቃል። ካልሆነ፦

1. ብስክሌቱን ገልብጠው በመሪውና በኮርቻው ያቁሙ፤ ቫልቩን ፈተው አየሩን ያስወጡ።
2. ሁለት የፕላስቲክ ማንሻዎችን ከቫልቩ ራቅ ባለ ቦታ በዐሥር ሳንቲ ሜትር ልዩነት አስገብተው የውጭውን ጎማ በአንድ ጎን ብቻ ያውጡ። ጠመንጃ መፍቻ አይጠቀሙ፤ ሌላ ቀዳዳ ያበጃል።
3. የውስጡን ጎማ ስቦ ማውጣት፣ የቫልቩን ፍሬ መልሶ መንፋት፣ በውኃ ሳህን ውስጥ ቁራጭ በቁራጭ መንከር። አረፋ የወጣበትን በእስክሪብቶ ሰፋ አድርገው ያክብቡ። ሁለት ጎን ለጎን ቀዳዳ ካገኙ ስለት አይደለም፤ በላላ ጎማ ጠርዝ ላይ ስለወጡ ቸርኬው ነክሶታል።
4. አድርቀው፣ አየሩን አስወጥተው፣ ከልጥፉ ሰፋ ያለ ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉ።
5. ማስቲሹን ስስ አድርገው ይቀቡና አምስት ደቂቃ ይጠብቁ፤ ጣት ሲነካው የማይያዝና የማያብረቀርቅ መሆን አለበት። ልጥፍ የሚላቀቀው በአብዛኛው እዚህ ላይ ተቸኩሎ ነው፦ እርጥቡ ከታፈነ አይይዝም።
6. ልጥፉን ከመሐል ወደ ዳር በኃይል ይጫኑ።
7. ከመመለስዎ በፊት የውጭውን ጎማ ውስጥ በጨርቅ ይዳስሱ። ስባሪ ጠርሙሱ ወይም እሾሁ እዚያው ካለ ነገ ይደገማል።
8. የውስጡን በጥቂቱ ነፍተው ያስገቡ፤ የውጭውን ከቫልቩ ተቃራኒ ጀምረው በእጅ እየገፉ ቫልቩ ጋ ይጨርሱ። መጨረሻ ላይ ሲጠብቅ ማንሻ አይጠቀሙ፣ ይነክሰዋል። ቫልቩን ወደ ውስጥ ገፋ አድርገው ይልቀቁት፤ ዙሪያውን የተቆነጠጠ አለመኖሩን ካዩ በኋላ ይንፉ።

ልኩ የውጭው ጎማ ጎን ላይ ተጽፏል፤ ለተራው ብስክሌት ከ3 እስከ 4 ባር ነው። አዲስ ጎማ ሲገዙ «37-622» ዓይነት ቁጥር ከጎኑ ያንብቡ፤ 37 ስፋቱ፣ 622 ቸርኬው ነው፣ ሁለተኛው ቁጥር ካልገጠመ አይገባም። ባይላላም በወር አንድ ጊዜ ይንፉት።

ዝናብ፣ ነፋስ፣ ባቡር

ዳገት እምብዛም የለም፣ ነፋስ ግን አለ። ሲበረታ ማርሽ ቀንሰው ቀስ ብለው ይሂዱ፤ ለቀጠሮ ሩብ ሰዓት ይጨምሩ። ጃንጥላ ይዞ መንዳት አይሆንም። ሱሪም ያለው የዝናብ ልብስ ይግዙ፤ ኮርቻውን በላስቲክ ይሸፍኑ።

ብስክሌት ባቡር ላይ ለመጫን የቀን ትኬት ያስፈልጋል። በሥራ ቀን በእነሱ ሰዓት ከ6:30 እስከ 9:00 እና ከ16:00 እስከ 18:30 አይፈቀድም፤ በሐምሌና ነሐሴ ገደቡ ይነሳል። ታጣፊ ብስክሌት ታጥፎ በነጻ ይገባል። ጣቢያ ላይ ማቆም ይሻላል፦ የዩትሬኽት ጣቢያ ማቆሚያ ብቻ 12,500 ቦታ አለው፣ የመጀመሪያው 24 ሰዓት ነጻ ነው። ሲያቆሙ የረድፉን ቁጥር ፎቶ ያንሱ። በደረሱበት ከተማ ደግሞ ኦፌፊትስ የሚባለውን ሰማያዊና ቢጫ የኪራይ ብስክሌት በግል የትራንስፖርት ካርድዎ መውሰድ ይችላሉ፤ ለ24 ሰዓት ከ4 ዩሮ ትንሽ ይበልጣል። የወሰዱበት ጣቢያ ይመልሱት፤ ሌላ ጣቢያ ከተዉት ተጨማሪ ይከፈልበታል።